የባሕር ሳማና የአማቴ እግር

እኔ እምላችሁ፣ አማታችሁን ባሕር ወስዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልወሰዳችሁ ተዉት ይቅር። ከወሰዳችሁ ደግሞ ፈልጉኝና አብረን እናውራ፤ እስካሁን ይህን ጉዳይ የሚረዳኝ ሰው አላገኘሁም። እኔ የወሰድኳቸው ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ መኪናዬ፣ በቅዳሜ ትራፊክ እየተንፏቀቅኩ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

እውነቱን ካወራን ግን ቸግሮኝ ነበር። ሚስቴ ትዕግሥት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቢቀራት ነው። እናቷ እማማ ሸዋዬ ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ብለው ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ወር ሞልቷቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ እንጀራውን ጠቅልለው እንደያዙ፣ "እኔ ማክሰኞ እሄዳለሁ" አሉ። የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሷል፣ ማርያምን ማሳዘን አልችልም ነው ነገሩ። ማርያምን ማን ይከራከራል? ትዕግሥት ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እንባዋን ጠረገችና ወደኔ ዞረች። እናቴ ከሄደች የምታርሰኝ አንተ ነህ፤ ገንፎ ታገነፋለህ ወይ አለችኝ። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ገንፎ ሞክሬያለሁ። ማማሰያው እንደቆመ ቀርቶ ድስቱን ከነማማሰያው ነው የጣልነው። ስለዚህ እማማ ሸዋዬን ማስቀረት ለእኔ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ።

እስቲ ደግሞ ፍረዱኝ፤ እኔ ሴትዮዋን ምን አጎደልኩባቸው? ሥራዬ ፌርፋክስ አካባቢ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ እውላለሁ። ዌስት አዳምስ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ እግሬ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነው። ቢሆንም እማማ ሸዋዬ ሳሎን ሲገቡ ብድግ እላለሁ። እሳቸው ሳይቀመጡ አልቀመጥም። ውኃ ሊቀዱ ሲነሱ ቀድሜ እቀዳለሁ። አንድ ቀን ሽንኩርት ሊከትፉ ቢላ ቢያነሱ፣ ከሽፍታ ጠመንጃ እንደሚቀማ ሰው ዘልዬ ነጠቅኳቸው። "እርስዎ እኮ ያርፋሉ እንጂ!" ብዬ ሶፋው ላይ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ከዚህ በላይ አክብሮት ከየት ይመጣል?

ያን ሰሞን የጉልበታቸውን ቁርጥማት አነሱ። አገር ቤት ሲብስባቸው ፍል ውኃ እየገቡ ይሻላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። እኔም ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በራ። "እዚህ እኮ ባሕር አለ" አልኳቸው። ጨው ስለሆነ ቁርጥማትን ከሥሩ ይነቅላል፣ አንድ ወር ቢመላለሱበት ጉልበትዎ የልጃገረድ ይሆናል ብዬ አረፍኩት። ማን ነገረህ ብትሉኝ ማንም አልነገረኝም። ዋናው ቁም ነገር "አንድ ወር" የምትለዋ ናት። ሕክምናው ወር ከፈጀ ማክሰኞ ቀረ ማለት ነው። ትዕግሥት እንኳ ስንወጣ፣ ዳር ዳሩን አሳያት እንጂ ውኃ ውስጥ እንዳታስገባት ብላኝ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ደርሰን መኪናዋን አቆምን። እማማ ሸዋዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና ሦስት ጊዜ አማትበው ገቡ። ገብተው ግን ወዲያው ዞሩ።

"ይኼ ነው ፍል ውኃችሁ?" አሉኝ።

"ቆይቶ ይሞቃል" አልኳቸው። ፓስፊክ ውቅያኖስን ነው እንግዲህ፣ ቆይቶ ይሞቃል ያልኩት። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ደግነቱ ለመዱት። ማዕበሉ መጥቶ ሲመታቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። በልቤ፣ በቃ ማክሰኞን ቀበርነው፣ ማርያምም ታግዛኛለች አልኩ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ "ውይ!" ብለው ዘለሉ። የሆነ ነገር ገረፈኝ አሉ። ደግፌ አወጣኋቸውና አሸዋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ቅልጥማቸው ላይ ሦስት ቀያይ መስመሮች ተጋድመዋል። አለንጋ ያረፈበት ነው የሚመስለው። መስመሮቹ ዓይኔ እያየ ከፍ ከፍ አሉ። እሳት ነው፣ እሳት ነው ይላሉ እሳቸው። ማን ገረፋቸው? ዞር ብዬ ባይ ውኃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የማፍርበት ነገር አለ። ከእኛ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የባሕር ዳር ጠባቂዎች ማማ ቆሟል። ቀይ ጃኬት የለበሰች ልጅ ከዚያ ወርዳ መጣችና ደህና መሆናችንን ጠየቀችን። እኛስ ምን አልን? እማማ ሸዋዬ ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ ለቀው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም!" አልኩ። ልጅቷ ወደ ባሕሩ እየጠቆመች ሌላም ነገር ልታስረዳን ሞከረች። እኔ ግን ሁለት አውራ ጣቶቼን ቀስሬ ሸኘኋት። እኛ እኮ ደህና ናችሁ ወይ ሲሉን ቤታችን እየተቃጠለም እግዚአብሔር ይመስገን የምንል ሰዎች ነን። ሠልጥና፣ ደመወዝ ተቆርጦላት ለዚሁ ጉዳይ የተቀመጠችውን ልጅ በይሉኝታ አባረርናት።

ልጅቷ ስትሄድ እማማ ሸዋዬ ከቦርሳቸው የጸበል ጠርሙስ አውጥተው ሰጡኝ። አፈሰስኩት። አፈር ስሆን፣ እንደዚያ ሲቃጠሉ አይታችሁ ቢሆን! እኔ ደንግጬ እጄን ስሰበስብ እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። "እሰይ፣ እየለቀቀኝ ነው፤ ጨምር!" አሉ። መንፈስ ሲወጣ ያቃጥላል፣ ይጮኻል፣ የታወቀ ነው። እኔም ጨመርኩ። ሲያቃጥላቸው እጨምራለሁ፤ ስጨምር ያቃጥላቸዋል። ጠርሙሱ እስኪያልቅ እንዲህ ተጋገዝን። ጸበሉ አንዳች ጥፋት የለበትም፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ አሸዋው ላይ አንድ ፌስታል ወድቆ አየሁ። የተበላሸብኝን ቀን በመልካም ሥራ ላካክስ፣ አማቴም የጨዋ ልጅነቴን ይዩልኝ ብዬ ጎንበስ አልኩና አነሳሁት። ወዲያው ጣቶቼን እሳት በላኝ። ጣልኩትና እጄን ስነቀንቅ እማማ ሸዋዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ከእኔ የወጣው አንተ ላይ ሰፈረ አሉኝ። እኔም አመንኩ። የኮሌጅ ትምህርት የጀመርኩ ሰው ነኝ እኮ፤ ግን አመንኩ።

ቀጥታ ቤት መግባት ይቻል ነበር። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ማስደንገጥ አይገባም። ትዕግሥት ይህን እግር አይታ ብትደነግጥና ምጧ ያለ ቀኑ ቢመጣስ? በዚህ ጉዳይ ከአማቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር ተስማማን። ሹልክ ብለን ፌርፋክስ ሄደን፣ እትዬ ዘነቡ ጋ ታክመን፣ ድነን ልንገባ። እትዬ ዘነቡ ቅመማ ቅመምና የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ግን ከበርበሬ ይልቅ ምክር በብዛት ይወጣል።

እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው እግሩን አዩት። ለማሰብ ጊዜ አልወሰዱም። "አልማዝ ባለጭራ!" አሉ። ያ ቆዳ ላይ እንደ ጭራ እየተጎተተ የሚያቃጥለው በሽታ ነው ማለታቸው ነው። ወገብ ላይ ዞሮ ከገጠመ ይገድላል፣ ደግነቱ ገና ቅልጥም ላይ ነው ብለው አጽናኑን። ከዚያ ፌጦ ወቀጡ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ እግሩ ላይ ለጥፈው በመዳፋቸው አሹት። እማማ ሸዋዬ ስሙን ያልጠሩት ቅዱስ አልቀረም። እኔ ሳቄ መጣና እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ይህን ጊዜ ነው እትዬ ዘነቡ ጣቶቼን ያዩት።

"አንተንም ይዞሃል! አምጣው እጅህን!"

የሰው ቁስል ሲያሹ ማየትና የራስን ማሳሸት የተለያየ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ሕመም ስቄ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔም አልጽፍላችሁም ነበር። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፍ ዓይነት ነውና ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ይዛችሁት እንዳትገቡ አሉን። የእማማ ሸዋዬ ፊት አመድ መሰለ። እግራቸውን ረሱት። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ "ላርስ መጥቼ ለልጄ በሽታ ይዤላት ልገባ? ማክሰኞም ሩቅ ነው። ከዚሁ ኤርፖርት ውሰደኝ" አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ እንባ ሞልቷል። ቀልድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሚስቴን እናትሽን አስቀርልሻለሁ ብያት ወጥቼ፣ ሦስት ቀን የቀራቸውን ሴትዮ በግማሽ ቀን ወደ ኤርፖርት አደረስኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቢያንስ በሩቁ ይሰናበቷት ብዬ ለምኜ ወደ ቤት ድራይቭ አደረግኩ። በሩን አንኳኩተን ሁለታችንም ወደ ኋላ አፈግፍገን ቆምን። ትዕግሥት ሆዷን አስቀድማ ብቅ አለች። ፌጦው ቀድሞ ሸተታት መሰለኝ አፍንጫዋን ያዘች። እናቷ አትጠጊኝ፣ በሽታ ይዞኛል እያሉ አለቀሱ። ልትደነግጥብን ነው ብለን ስንፈራ፣ ትዕግሥት ችሎት ላይ እንደተቀመጠች ዳኛ ረጋ ብላ እግሩን አየችው። ቀሚሱ ጫፍ ላይ አሸዋ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ባሕር ውስጥ አስገብተሃታል?"

"ትንሽ" አልኩ።

"እጅህስ ምን ሆነ?"

"ፌስታል አንስቼ ነው።"

"ፌስታሉ ምን ይመስላል?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እያልኩ ነገርኳት። ጥርት ያለ፣ ዝልግልግ ያለ፣ ከሥሩ ክር ክር ነገር ያለው ነው አልኳት።

"ፌስታል ክር አለው?" አለች ትዕግሥት።

ጄሊፊሽ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው አለች። ክሩ በነካበት ቦታ እንደ ጅራፍ ሰንበር ያወጣል፣ ሞቶ አሸዋ ላይ ወድቆ እንኳ ይለበልባል፣ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ይህን ስትናገር እማማ ሸዋዬ ባሉበት እንደቆሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ትዕግሥት የጤና ኢንሹራንሳችን ነርስ ጋ ደውላ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ነርሷ መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ፣ ፊት ወይ ምላስ አብጧል ወይ፣ ደረታቸውን ያማቸዋል ወይ፣ ያስመልሳቸዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ከእነዚህ አንዱ ካለ ስልኩን ዝጉና አምቡላንስ ጥሩ አለች። አንዱም የለም። ቀጥላ እስካሁን ምን አደረጋችሁለት አለች። ጸበሉን፣ ፌጦውን፣ ሎሚውን፣ ማሸቱን በየተራ ዘረዘርንላት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ሄሎ፣ ሄሎ አልናት።

ለካ ጨው የሌለው ውኃ ሲነካው ቆዳ ላይ የቀረው ክር መርዙን ገና እንደ አዲስ ይተፋል። ማሸትም ያባብሰዋል። መጀመሪያውኑ በዚያው በባሕሩ ውኃ ማለቅለቅ ነበረብን፤ ያቺ ቀይ ጃኬት የለበሰች ልጅም ይህንኑ ልትነግረን ነበር የመጣችው። አሁን በጨው ውኃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁት፣ የቀረ ክር ካለ በወረንጦ ልቀሙት፣ ከዚያ ሳያቃጥል የሚቻለውን ያህል ሙቅ በሆነ ውኃ ውስጥ አርባ ደቂቃ ዘፍዝፉት አለች። እጁን የተነካውም ሰውዬ እንደዚያው ያድርግ ብላ ጨመረች። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ወረንጦ ከየት ይመጣል ስንል እማማ ሸዋዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከቁልፋቸው ጋር ተንጠልጥሏል። ቀኑን ሙሉ ከጸበሉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቅልጥም የሚያስገባ ጥልቅ ዕቃ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ለሚመጣው ልጅ የገዛነው ቢጫ የሕፃን ገንዳ፣ ገና ከነ ወረቀቱ። ትዕግሥት ዓይኗን ጨፍና አምጣው አለችኝ።

አሁን ትልቁ ችግር መጣ። ትዕግሥት በዚያ ሆዷ ጎንበስ አትልም። ስለዚህ የአማቴን እግር የምይዘው እኔ ነኝ ማለት ነው። እማማ ሸዋዬ ቀሚሳቸውን ይዘው አሻፈረኝ አሉ። እኔም ፊታቸው ቁጭ ለማለት የምፈራውን ሴትዮ እግር ልይዝ ነው፣ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። ተንበረከክኩ። አንዲት እንደ ክር የቀጠነች ነገር በወረንጦ ነቀልኩ፣ ሁለተኛዋንም። ከዚያ እግራቸውን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። እኔም ጣቶቼን የምዘፈዝፍበት ሌላ ዕቃ ስለሌለ እጄን እዚያው ከተትኩ። ትዕግሥት ስልኳ ላይ አርባ ደቂቃ ሞልታ አጠገባችን አስቀመጠችውና ሄዳ ተኛች።

ዓለም ላይ ረጅሙ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሁለታችንም ገንዳውን ስናይ አሳለፍን። ከዚያ ሕመሙ ቀለል እያላቸው ሲመጣ እማማ ሸዋዬ ወደ ወንበሩ ደገፍ አሉ።

"ሳማ ነው እንጂ ይሄ" አሉ። "የባሕር ሳማ። ልጅ ሆኜ ሳማ ውስጥ ወድቄ ልክ እንደዚህ አድርጎኛል። አልማዝ ባለጭራ ትላለች እንዴ ያቺ ዘነቡ!"

ሳቅን። ስንስቅ ውኃው ፈሰሰ። ሊጠርጉ ብለው ጎንበስ ሲሉ እኔ እንደ ልማዴ "ይተዉ፣ እርስዎ ያርፋሉ" አልኩ። ሳቃቸው ቆመ።

"ስማኝ" አሉ። "ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሙሽራ አስቀመጥከኝ። ሙሽራ እንኳ ጫጉላዋን ስትጨርስ ሥራ ትጀምራለች። ስገባ ትነሳለህ፣ ቢላ ሳነሳ ትነጥቀኛለህ። እንግዳ ነዎት እያልከኝ ነው። እንግዳ ደግሞ ሲሰነብት ይከብዳልና ይሄዳል። እኔ የመጣሁት ላርስ ነው እንጂ ልከበር አይደለም።"

እንባዬ መጣ። እጄ ገንዳ ውስጥ ስለሆነ የምጠርግበት አልነበረኝም። የምፈራዎት ስለምወድዎት ነው፣ እናቴ በሕይወት ስለሌለች እንዴት እንደሚደረግ ጠፍቶኝ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

"ዛሬ ነው ቤተ ሰብ የመሰልከኝ" አሉ። "እንግዳ ላይ ፌጦ አይቀባም።"

ትንሽ ቆይቼ የማርያም ማኅበሩስ አልኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞር አሉ። ተራቸው ለካ መስከረም ነው። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ዋሽቼ ነው አሉ። እኔም ባሕር ለቁርጥማት መድኃኒት መሆኑን ማንም እንዳልነገረኝ ተናዘዝኩ። እሳቸው ግን እግራቸውን ሙቁ ውኃ ውስጥ እያወዛወዙ፣ ጉልበቴ እኮ ለቀቀኝ፣ ፍል ውኃ ማለት ይሄ ነው አሉ። አርባው ደቂቃ ሞልቶ ስልኩ ጮኸ። አንዳችንም አልተነሳንም።

ማክሰኞ አውሮፕላኑ ያለ እሳቸው ሄደ። እሳቸው ያን ዕለት ምጥን ሽሮ እየነፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሽንኩርት ክተፍ ተብዬ እያነባሁ ነበር። ሰንበሩ ሲደበዝዝ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሁለት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጄሊፊሽ ሊቅ ሆነው አረፉት። ሴቶቹን ሰብስበው ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ያስተምራሉ፦ በባሕሩ ውኃ አለቅልቂው፣ በወረንጦ ልቀሚው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ ትንፋሽ ካጠረሽ አምቡላንስ ጥሪ፤ ጸበሉን ጠጪው እንጂ አታፍስሺበት። እትዬ ዘነቡ እንኳ መጥተው ሰምተዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና መንገድ ላይ ፌስታል ስናይ ግን ሁለታችንም እስከ ዛሬ ዞረን ነው የምናልፈው።

ትዕግሥት በቀኗ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆሜ ስንጎራደድ ከርሜ፣ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ቤት ስገባ ገንፎው ተገንፍቷል፣ አልጋው ተነጥፏል። እናትና ልጅ መኝታ ቤት ገቡ። እኔ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። እማማ ሸዋዬ ቢጫውን ገንዳ ተሸክመው፣ እንፋሎቱ እየተነነ፣ ወደ ሳሎን ሲገቡ እንደ ልማዴ ብድግ አልኩና ለልጅቷ መስሎኝ ልቀበልዎት አልኳቸው።

ገንዳውን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ያበጠውን እግሬን አዩት። ከዚያ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ወደ ታች ጫኑኝ።

"ጫማህን አውልቅ" አሉኝ። "አርባ ደቂቃ ነው፤ ቁጭ በል።"